የሂፕ ሆፕ ሪሚክስ ሸክላ አሰባሰብ፦ የቱን እትም እንደምትገዙ፣ እንዴት እንደምትፈትሹና እንደምታጥቡ

«ዘፈኑን አገኘሁት፣ ገዛሁት፣ ሳጫውተው ግን የምፈልገው ሪሚክስ የለበትም።» «ሻጩ እንደ አዲስ ነው ብሎኝ ነበር፣ መግቢያው ላይ ግን እንደ ጥብስ ይንጫጫል።» «ከአሜሪካ የመጣልኝ ማጫወቻ ዘፋኙን እንቅልፋም አደረገው።» የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ስለሆነ መልሱን በቅደም ተከተል እነሆ።

እዚህ የምናወራው ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካና በእንግሊዝ ስለታተሙ ባለ 12 ኢንች ሲንግሎች (አንድን ዘፈን በተለያየ ስሪት የያዙ ትልልቅ ሸክላዎች) ነው፤ ሪሚክስ የምንለው እንደገና የተቀናበረውን ስሪት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልን፦ የምትገዙት ዘፈኑን ሳይሆን እትሙን ነው። አንድ ዘፈን በአንድ ዓመት ውስጥ በአራትና በአምስት ዓይነት ሸክላ ሊወጣ ይችላል። ሪሚክሱ ያለው ግን ምናልባት በአንዱ ላይ ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ክብደቱና ፀረ-ስበቱ (አንቲ-ስኬት፣ ክንዱ ወደ መሃል እንዳይሳብ የሚመክተው) የሚስተካከል ክንድ ያለው ማጫወቻ። በሻንጣ መልክ የሚሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ክብደታቸው ስለማይስተካከል ለዚህ ሥራ አይሆኑም።
- ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ መርፌውን የሚይዘው) እና መርፌ። ለምሳሌ የኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ።
- ፎኖ ፕሪአምፕ (ከካርትሪጁ የሚወጣውን ደካማ ድምፅ ለማጉያው የሚያዘጋጅ ዕቃ)፣ ማጉያችሁ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለው።
- የመርፌ ሚዛን፣ ቢያንስ እስከ 0.1 ግራም የሚለይ።
- ነጭ ብርሃን ያለው የእጅ ባትሪ፣ እስከ 10 እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር።
- የካርቦን ፋይበር ብሩሽ፣ አራት ንጹህ የማይክሮፋይበር ጨርቅ።
- 2 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር ባለ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ሽታና ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ።
- የፖሊኢትሊን የውስጥ ከረጢትና የፖሊፕሮፒሊን የውጭ ከረጢት፣ ለእያንዳንዱ ሸክላ አንድ አንድ።

ደረጃ 1፦ ዝርዝራችሁን በሪሚክሱ ስም ጻፉ

«የናስን ሸክላ እፈልጋለሁ» ብሎ መነሳት ገንዘብ ያስበላል። ለእያንዳንዱ ሸክላ አምስት ነገር ጻፉ፦ ዘፋኙን፣ ዘፈኑን፣ የሪሚክሱን ትክክለኛ ስም፣ ሪሚክሱን የሠራውን ሰው፣ አሳታሚውንና ዓመቱን። ለመጀመሪያ ከ10 አይብለጥ። ዝርዝሩ ሲረዝም «ቅርብ ነው» የምትሉትን ሁሉ መግዛት ትጀምራላችሁ።

ለመነሻ የሚሆኑ፣ በብዛት ስለታተሙም በትዕግሥት የሚገኙ፦

- ፐብሊክ ኤነሚ፣ «ሸት ኤም ዳውን»፣ 1991፣ ዴፍ ጃም። የሚፈለገው የአቀናባሪው የፒት ሮክ ሪሚክስ ነው።
- ሃውስ ኦፍ ፔይን፣ «ጃምፕ አራውንድ»፣ 1992፣ ቶሚ ቦይ። እዚህም የፒት ሮክ ሪሚክስ።
- ናስ፣ «ዘ ወርልድ ኢዝ ዩርስ»፣ 1994፣ ኮሎምቢያ። የመጀመሪያውን ስሪት ያቀናበረው ፒት ሮክ ነው። በሲንግሉ ላይ የምትፈልጉት «ቲፕ ሚክስ» የሚለው የኪው-ቲፕ ሥራ ሲሆን በ1994ቱ አልበም ላይ የለም።
- ክሬግ ማክ፣ «ፍሌቫ ኢን ያ ኢር»፣ 1994፣ ባድ ቦይ። ኖቶሪየስ ቢ.አይ.ጂ.፣ ራምፔጅ፣ ኤል ኤል ኩል ጄ እና ባስታ ራይምስ ያሉበት ሪሚክሱ ነው። ይህ ሪሚክስ የሌለበት ሲንግልም ስላለ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።
- ዳስ ኢፌክስ፣ «ሪል ሂፕ ሆፕ»፣ 1995፣ ኢስትዌስት። ዋናው የዲጄ ፕሪሚየር፣ ሪሚክሱ የፒት ሮክ።
- ኤሪክ ቢ እና ራኪም፣ «ፔይድ ኢን ፉል»፣ 1987። የኮልድከት ሪሚክስ «ሰቨን ሚኒትስ ኦፍ ማድነስ» ይባላል። «ሚኒ ማድነስ» የሚለው ደግሞ የዚያው ሪሚክስ አጭር ቅጂ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ርዝመቱን በደቂቃ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ መሃሉ ላይ ያለውን ወረቀት ማንበብ

የሸክላው ሽፋን ብዙ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም። አብዛኞቹ ሲንግሎች የወጡት መሃሉ ክብ ሆኖ በተቆረጠ ተራ ጥቁር ወይም ነጭ ሽፋን፣ ወይም የአሳታሚው ምልክት ብቻ ባለበት ሽፋን ነው። ሽፋኑ ከሌላ ሸክላ ጋር ተቀያይሮ ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ማመን ያለባችሁ ሸክላው ላይ የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ነው። የሚያጋጥሟችሁ ስሞች እነዚህ ናቸው፦

«ኤልፒ ቨርዥን» ወይም «አልበም ቨርዥን»፦ አልበሙ ላይ ያለው ያው ነው። አልበሙ ካላችሁ ለዚህ ብቻ አትክፈሉ።

«ሬዲዮ ኤዲት» ወይም «ክሊን»፦ ስድቡ የተቆረጠበት ወይም የተገለበጠበት። የሪሚክሱ «ክሊን» ብቻ ያለባቸው ሸክላዎች አሉ። በተለይ ለሬዲዮ ጣቢያ የተላኩትን ሁለት ጊዜ አንብቡ።

«ስትሪት» ወይም «ደርቲ»፦ ሳይቆረጥ።

«ኢንስትሩመንታል»፦ እኛ «ክላሲካል» የምንለው፣ ድምፅ የሌለው። ፍለጋ ላይ ግን «ክላሲካል» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሞዛርት ነው የሚመጣላችሁ።

«አካፔላ»፦ ድምፅ ብቻ፣ ያለ ሙዚቃ።

«ቲቪ ትራክ»፦ ዋናው ድምፅ ወጥቶ አዝማቹና ጀርባ ያሉት ድምፆች የቀሩበት። ዘፋኙ ቴሌቪዥን ላይ በቀጥታ እንዲዘፍንበት የተዘጋጀ ነው። ኢንስትሩመንታል መስሏቸው ገዝተው የሚናደዱ አሉ።

አንድ ተጨማሪ ወጥመድ፦ «ኢንስትሩመንታል» ብቻ ከተባለ የትኛው ስሪት ኢንስትሩመንታል እንደሆነ ወረቀቱ ላይነግራችሁ ይችላል። የዋናው እንጂ የሪሚክሱ ላይሆን ይችላል። የእንግሊዝ እትሞች ደግሞ አንዳንድ ጊዜ በአሜሪካው ላይ የሌለ ሪሚክስ ይዘው፣ በአሜሪካው ላይ ያለውን ትተው ይወጣሉ። ሁለቱን አንድ ናቸው ብላችሁ አትግዙ።

ፍጥነቱንም እዚሁ እዩ። 12 ኢንች ስለሆነ ሁሉም በ33⅓ ይዞራል ማለት አይደለም፤ በ45 የሚዞር ብዙ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ሳይጻፍ የሚቀርም አለ። ራፐሩ እንቅልፍ የመጣበት ከመሰላችሁ ማጫወቻው ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት 45ን ተጫኑ።

ደረጃ 3፦ ባዶው ቀለበት ላይ የተጫረውን ማንበብ

ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ እስከ ወረቀቱ ድረስ ሙዚቃ የሌለበት አንጸባራቂ ቀለበት አለ። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም በማኅተም የተመታ ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ባትሪውን ከጎን አብሩበትና በአጉሊ መነጽር አንብቡ፣ ከሁለቱም ፊት። የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሸክላው መለያ ቁጥር፣ የፊቱ ፊደል (ኤ ወይም ቢ)ና የተቆረጠበት ተራ ቁጥር ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሸክላዎች ላይ «ማስተርዲስክ» ወይም «ስተርሊንግ» የሚል ማኅተም በብዛት ይታያል፤ ሁለቱም የሸክላ እናት ቅጂ የሚቆርጡ የኒው ዮርክ ስቱዲዮዎች ናቸው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ወረቀት በኮምፒውተር ተቃኝቶ እንደገና ሊታተም ይችላል። ባዶው ቀለበት ላይ ያለውን ማኅተም ግን አስመስሎ መሥራት ችግር ስለሆነ አስመሳዮች አብዛኛውን ጊዜ ይተዉታል። ያነበባችሁትን ፊደል በፊደል ዲስኮግስ በሚባለው የሸክላ መመዝገቢያና መገበያያ ድረ ገጽ ላይ ከተመዘገበው ጋር አስተያዩ። እዚያ እያንዳንዱ እትም የራሱ ገጽ አለው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ የያዛችሁት ሌላ እትም ነው።

ፎርጅድ መሆኑ የሚታወቅባቸው ምልክቶች፦

- በወረቀቱ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ደቃቅ የባለመብት ጽሑፍ ቀለሙ ፈሶ ፊደሎቹ ተያይዘዋል።
- ባዶው ቀለበት ላይ አንድ አጭር በእጅ የተጫረ ቁጥር ብቻ አለ፣ ዲስኮግስ ላይ ግን የስቱዲዮ ማኅተም ተመዝግቧል።
- የ1990ዎቹ ነው የተባለው ሸክላ 180 ግራም ይመዝናል። የዚያን ጊዜ ሲንግሎች ከዚህ ይቀላሉ።
- ቦዩ (መርፌው የሚሄድበት ክር) ንጹህ ሆኖ እያያችሁት የአቧራ መንጫጫት ይሰማል፣ ብታጥቡትም መንጫጫቱ ቦታውን አይለቅም። ይህ ከሌላ አሮጌ ሸክላ ተቀድቶ የታተመ ነው፤ የምትሰሙት የዚያን የሌላውን አቧራ ነው።

ነጭ ወረቀት ያለው ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። አሳታሚው ራሱ ለዲጄዎች የሚልከው ፕሮሞ ብዙ ጊዜ ነጭ ነው፣ «ለሽያጭ አይደለም» የሚልም ይጻፍበታል። ዲጄዎች ያለ ፈቃድ የሠሯቸው ሪሚክሶችም በነጭ ወረቀት ወጥተዋል። እነሱን የሚሰበስብ አለ፤ እያወቃችሁ ግዙ እንጂ በፕሮሞ ዋጋ አትግዙ። ዲስኮግስ ያልተፈቀዱ እትሞችን ይመዘግባል፣ እንዲሸጡ ግን አይፈቅድም። «ዲስኮግስ ላይ ስለማይሸጥ ብርቅ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 4፦ የሸክላውን ጤንነት መፈተሽ

ሻጮች የሚጠቀሙበት ደረጃ ከላይ ወደ ታች ሚንት፣ ኒር ሚንት፣ ቪጂ ፕላስ፣ ቪጂ፣ ጂ ይላል። «ቪጂ» ሲተረጎም «በጣም ጥሩ» ነው፤ በሸክላ ገበያ ግን ቪጂ ማለት የሚንጫጫ ሸክላ ማለት ነው። ለመስማት የምትሰበስቡ ከሆነ ከቪጂ ፕላስ አትውረዱ።

የሂፕ ሆፕ ሲንግል ከሌላው ሸክላ የሚለየው የተሠራው ለዲጄ በመሆኑ ነው። ዲጄው የመጀመሪያዋን የከበሮ ምት ለማግኘት መርፌውን ቦዩ ውስጥ እንዳለ ሸክላውን ወደፊትና ወደኋላ ያሽከረክራል። ያቺ አንዲት ምት ያለችበት ቦይ ከቀረው ዘፈን በብዙ እጥፍ ትፈጫለች። ሸክላውን በጠርዙ ይዛችሁ በአንድ መብራት ሥር አዘንብሉት፤ ዘፈኑ የሚጀምርበት የመጀመሪያው ክር ከሌላው ጥቁር ቦይ ተለይቶ ደብዛዛ ግራጫ ከሆነ እሱ ነው። ስታጫውቱት ለሁለትና ለሦስት ሰከንድ «ሽሽሽ» ይልና ድንገት ይጠራል። መታጠብ አያድነውም፤ ቆሻሻ ሳይሆን የተበላ ፕላስቲክ ነው።

ይህን መግቢያ የእያንዳንዱ ዘፈን መነሻ ላይ ፈትሹት። ብዙ ገዢ የፊት ገጹን የመጀመሪያ ዘፈን ብቻ ሰምቶ ይረካል፤ ዲጄው ደግሞ አብዝቶ የተጠቀመው ሌላኛው ፊት ላይ ያለውን ሪሚክስ ወይም ኢንስትሩመንታል ሊሆን ይችላል። እናንተም የምትፈልጉት እሱኑ ነው።

ቀጥሎ ጭረት። እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ በብርሃን ብቻ የሚታዩ ጭረቶች አብዛኛውን ጊዜ አይሰሙም። ጥፍራችሁን ጋደም አድርጋችሁ በእርጋታ ስታሳልፉት የሚይዝ ጭረት ግን ይሰማል። ጭረቱ ቦዩን አቋርጦ ከሄደ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ «ቋ» ይላል፤ በ33⅓ በየ1.8 ሰከንዱ፣ በ45 በየ1.33 ሰከንዱ ማለት ነው። ጩኸቱ በዚህ ልክ እየተመላለሰ ከመጣ ጭረት ነው፣ በዘፈቀደ ከመጣ አቧራ ነው። የከፋው ከቦዩ ጋር አብሮ የሚሄድ ጭረት ነው፣ መርፌውን ወደ ሌላ ቦይ ስለሚወስደው ዘፈኑ ይዘላል ወይም አንድ ቃል ላይ ይቆማል።

የመሃሉን ቀዳዳ ዙሪያም እዩ። ወረቀቱ ላይ ከቀዳዳው የሚነሱ ብዙ የሚያብረቀርቁ መስመሮች ካሉ ሸክላው ብዙ ጊዜ ተነስቶ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ የዲጄ ስም ወይም በእስክሪብቶ «92» የሚል የምት ፍጥነት ቢጻፍ ዋጋውን ያወርደዋል እንጂ ድምፁን አይነካም። ርካሽ ዕቃ የምትፈልጉ ከሆነ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ፈልጉ፣ መግቢያውን ግን ሳትፈትሹ እንዳትከፍሉ።

በመጨረሻ ዓይናችሁን ከሸክላው ጠርዝ ጋር አስተካክላችሁ ሲዞር ተመልከቱ። ጠርዙ አንድና ሁለት ሚሊ ሜትር ቢነሳ መርፌው ይከተለዋል። ክንዱ ወደላይና ወደታች ሳይሆን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ቀዳዳው መሃል ላይ አልተበሳም። ከበሮ ላይ ላታስተውሉት ትችላላችሁ፣ ፒያኖ ወይም ጥሩምባ ያለበት ሪሚክስ ላይ ግን ቃናው ይዋዥቃል። ይህ የፋብሪካ ጥፋት ስለሆነ «አዲስ፣ ያልተከፈተ» የተባለውም ላይ ያጋጥማል።

ደረጃ 5፦ መግዛትና ማስላክ

ዋጋ ላይ ሻጩ የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከቱ። በዲስኮግስ የእያንዳንዱ እትም ገጽ ላይ እስካሁን የተሸጠበት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ ይታያል። ከመካከለኛው በላይ የምትከፍሉት ሸክላው ኒር ሚንት ሲሆን ብቻ ይሁን።

ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ አራት ጥያቄ ላኩ፦ ባዶው ቀለበት ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? የሁለቱም ፊት ወረቀት ፎቶ አለ? ደረጃውን የሰጡት አጫውተው ነው ወይስ አይተው? የሪሚክሱ መግቢያ ላይ ሽሽታ አለ? አራተኛውን ጥያቄ የዘለለ ሻጭ ብዙ ጊዜ መልሱን ያውቀዋል።

አላላኩን እናንተው ንገሩት። ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ፣ በውስጥ ከረጢቱ ሆኖ፣ ከሽፋኑ ጀርባ ይቀመጥ። ሽፋኑ ውስጥ እንዳለ ከተላከ ካርቶኑ በወደቀ ቁጥር የሸክላው ጠርዝ የሽፋኑን ስፌት ይቀደዋል። ከፊትና ከኋላ ሁለት የካርቶን ንጣፍ ይደረግ፤ የአንዱ መስመር ቁልቁል፣ የሌላው አግድም ይሁን፣ እንዲያ ሲሆን በየትኛውም አቅጣጫ አይታጠፍም።

ዋሽንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ዘመድ ያላችሁ፣ ወደ እነሱ አድራሻ ብታስልኩ ይረክሳል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት «ሚዲያ ሜይል» የሚለው ርካሽ አገልግሎት ሸክላን ያካትታል፣ ግን አገር ውስጥ ብቻ ነው። ሲመጣ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። አንድ ባለ 12 ኢንች ከነሽፋኑ ወደ 200 ግራም ስለሚመዝን 20 ሸክላ 4 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ዘመድን ከመጠየቃችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሸክላ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥም። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል፣ እንደ ጣባ ይጎደጉዳል። የተጣመመን ሸክላ በምድጃ ለማቅናት አትሞክሩ፤ ቢቀና እንኳ ቦዩ ይለሰልስና ድምፁ ይሞታል።

ደረጃ 6፦ ማጫወቻውን ማስተካከል

መጀመሪያ መብራቱ። ከአሜሪካ የሚመጣ ማጫወቻ በ120 ቮልት፣ በ60 ኸርዝ ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ ችግሩ ግን ግማሹ ገና ነው፦ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ፍጥነታቸውን ከመብራቱ ኸርዝ የሚወስዱ አሮጌ ባለ ቀበቶ ማጫወቻዎች በ50 ኸርዝ ከመቶ 17 ገደማ ይቀንሳሉ፣ 33⅓ የነበረው ወደ 28 ይወርዳል። ዘፋኙን እንቅልፋም የሚያደርገው ይህ ነው። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ ትልቅ ፑሊ (ቀበቶውን የሚያዞረው መዘውር) ማስገባት ወይም ፍጥነቱን በኳርትዝ የሚቆጣጠር ማጫወቻ መግዛት ነው፣ እንደ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ዓይነቱን። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላላችሁ፦ ሳዑዲ 60 ኸርዝ፣ ኤምሬቶች 50 ኸርዝ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄዱ ያው ጣጣ አለ።

ከዚያ፦

ሀ. ማጫወቻውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ካዘነበለ መርፌው አንዱን የቦይ ግድግዳ ብቻ ይበላል።

ለ. ቴክኒክስ ከሆነ ከመርፌው ጫፍ እስከ ካርትሪጅ መያዣው የጎማ ቀለበት ድረስ 52 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለሌላ ማጫወቻ ከመመሪያው ጋር የሚመጣውን ወረቀት ተጠቀሙ። ይህ ልክ ሲዛባ ወደ መሃል የተጠጉት ዘፈኖች ላይ «ስ» እና «ሽ» ይቧጨራሉ፤ ሪሚክሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተቀመጠው እዚያው ነው።

ሐ. ፀረ-ስበቱን ዜሮ አድርጉ፣ ክንዱ በአየር ላይ አግድም እስኪንሳፈፍ ክብደቱን አዙሩ፣ ቁጥሩን ብቻ ወደ 0 መልሱ፣ ከዚያ ለካርትሪጁ የታዘዘውን ስጡ። ለቪኤም95ኢ 2.0 ግራም ነው፣ የሚፈቀደው ከ1.8 እስከ 2.2። በመርፌ ሚዛን አረጋግጡ። ማቅለል ሸክላውን ይጠብቃል የሚባለው ስህተት ነው፤ የቀለለ መርፌ ቦዩ ውስጥ ይዘላል፣ ሲያርፍም ግድግዳውን ይቆርጠዋል።

መ. ፀረ-ስበቱን ከክብደቱ ጋር በሚመሳሰል ቁጥር ላይ አድርጉ።

ሠ. ቀጭኗን የመሬት ሽቦ ከፕሪአምፑ ጋር እሰሩ። ሳይታሰር ከቀረ የማያቋርጥ «ኡኡም» ይሰማል።

ረ. የፍጥነት ማስተካከያው ተንሸራታች ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። ኤስኤል-1200 ላይ እስከ 8 ከመቶ ስለሚያስኬድ ትንሽ ከተነካካ ዘፈኑ ከሚያውቁት ቃና ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ማጠብ

ያገለገለ ሸክላ ሳይታጠብ አይጫወትም። መርፌው አቧራውን እንደ አሸዋ ወረቀት ቦዩ ላይ ይፈጨዋል።

ለ1 ሊትር ውህድ፦ 800 ሚሊ ዲስቲልድ ውሃ፣ 200 ሚሊ አይሶፕሮፒል ባለ 99 በመቶ፣ 3 ወይም 4 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ። ፋርማሲ ያለው ባለ 70 በመቶ ብቻ ከሆነ 285 ሚሊ አልኮልና 715 ሚሊ ውሃ አድርጉ፤ ግሊሰሪን ወይም ሽቶ ያለበትንና የእጅ ሳኒታይዘርን አትጠቀሙ። አልኮሉ የጣት ቅባቱን ይፈታል፣ ፈሳሽ ሳሙናው ውሃው ቦዩ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። የቧንቧ ውሃ የማይሆነው ማንቆርቆሪያችሁ ሥር የምታዩት ነጭ ቅርፊት ቦዩም ውስጥ ስለሚቀር ነው። ዲስቲልድ ውሃ ከመኪና ዕቃ ሱቅ የምትገዙ ከሆነ የባትሪ አሲድ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል።

1. ደረቁን አቧራ በካርቦን ብሩሽ አንሱ።
2. ሸክላውን ንጹህ ፎጣ ላይ አስተኙ። ወረቀቱን በሰፊ ክዳን ሸፍኑት፣ ከራሰ ይላጣል።
3. ውህዱን ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ በቦዩ አቅጣጫ፣ ክብ ክብ እያላችሁ፣ በየፊቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል እጠቡ። ቦዩን አቋርጣችሁ አትፈትጉ።
4. በሌላ ጨርቅ፣ በንጹህ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ አለቅልቁ። ይህን የሚዘል ሰው ከሁለት ዘፈን በኋላ መርፌው ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ያገኛል፤ የሳሙናው ዝቃጭ ነው።
5. በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ውሃውን አንሱ፣ አቁማችሁ ለ30 ደቂቃ አድርቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አይሶፕሮፒል ተቀጣጣይ ነው፤ ከሰል ወይም ምድጃ አጠገብ አትሥሩ። ይህ ውህድ ለቪኒል ብቻ ነው። የቤተሰብ ባለ 78 ዙር የጥንት ሸክላ ካላችሁ አታስነኩት፣ አልኮል ያሟሟዋል።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥ

የታጠበውን ወደ አሮጌው የወረቀት ከረጢት አትመልሱት፤ አዲስ የፖሊኢትሊን ከረጢት ውስጥ አድርጉት። ዋናውን ሽፋን፣ ተራ ጥቁርም ቢሆን፣ አትጣሉ። ከፒቪሲ የተሠራ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ከረጢት አትግዙ፣ ከጊዜ በኋላ ሸክላው ላይ የማይለቅ ጉም ይተዋል። አቁማችሁ ደርድሩ፣ ሳያጋድል፣ ሳይጨናነቅም። 50 ሸክላ 10 ኪሎ ነውና የመጽሐፍ መደርደሪያው ቀጭን ጣውላ ከሆነ መሃሉ ላይ እግር ጨምሩለት።

ከረጢቱ ላይ በትንሽ ወረቀት የእትሙን መለያ ቁጥር፣ የሪሚክሱን ስምና የትኛው ፊት ላይ እንዳለ ጻፉ። ተራ ጥቁር ሽፋን የለበሱ 40 ሸክላዎች ከሩቅ አንድ ናቸው።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- በስልክ የሰሙትን ሪሚክስ ስም ብቻ ይዞ መግዛት። ኢንተርኔት ላይ «ሪሚክስ» ተብሎ የተጫነው አንድ ዲጄ በቅርቡ የሠራው ሊሆን ይችላል፤ ሸክላ ላይ ጨርሶ ያልወጣ።
- «ያልተከፈተ ስለሆነ ፍጹም ነው» ማለት። ተጨማድዶ የቀረ ላስቲክ ሸክላውን ሊያጣምመው ይችላል።
- የመርፌ ዕድሜ መርሳት። እንደ መርፌው ዓይነት ከ300 እስከ 1,000 ሰዓት ድረስ ነው የሚያገለግለው። ከማጫወቻው ጋር የመጣው ያገለገለ መርፌ ስንት ሰዓት እንደሠራ ስለማይታወቅ ውድ ሸክላ ከማስቀመጣችሁ በፊት ቀይሩት።
- የተበሳ ወይም ጥጉ የተቆረጠ ሽፋን አይቶ መሸሽ። ይህ በቅናሽ የተሸጠ ዕቃ ምልክት ነው፣ ሸክላው ውስጡ ያልተነካ ሊሆን ይችላል።
- ሸክላው ሲዘል ሳንቲም በመርፌው ራስ ላይ ማስቀመጥ። ዝላዩ ለዚያች ምሽት ይቆማል፣ 2 ግራም የታዘዘለት መርፌ ግን 4 እና 5 ግራም ተሸክሞ ቦዩን እያረሰ ነው የሚሄደው።